አንድ የዋልያ ራስ ቅል፣ አራት ሞዴሎች፦ ከጎንደር የአንድ ትምህርት ቤት ጉዳይ

ጎንደር ከተማ ውስጥ ባለ አንድ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት፣ በባዮሎጂ ክፍሉ ቁም ሳጥን ውስጥ የወንድ ዋልያ ራስ ቅል አለ። ሁለቱም ቀንዶቹ አሉ። ትምህርት ቤቱ ያገኘው ከብዙ ዓመት በፊት ነው፤ ለማስተማሪያ እንደተሰጠ የሚገልጽ ደብዳቤም አብሮት ተቀምጧል። ቅሉ አርጅቷል። የአፍንጫው ቀጫጭን አጥንት ሲነኩት ይረግፋል። የቀኝ ቀንዱ ሽፋን ተሰንጥቆ ላልቷል፤ ቀስ ብለው ሲስቡት ይወጣል።

በዚያው ትምህርት ቤት ዓይነ ስውራን ተማሪዎች ይማራሉ። ስለ ዋልያ በቃል ተምረዋል። ብሔራዊ ቡድናችን በተጫወተ ቁጥር «ዋልያዎቹ» ሲባል በሬዲዮ ይሰማሉ። በሰሜን ተራሮች ብቻ የሚገኘው የዱር ፍየል የትኛው ነው ተብለው ሲጠየቁ ሳያመነቱ ይመልሳሉ። መልኩን ግን የሚያውቁት የሚያይ ሰው በነገራቸው ልክ ነው። የመማሪያ መጽሐፉ ሥዕል ለእነሱ ምንም አይነግራቸውም። ቅሉን እንዳይዳስሱ ደግሞ በየዓመቱ ያ ሁሉ እጅ ቢያርፍበት ብዙ አይቆይም።

የባዮሎጂ መምህሩ ይህን ሐሳብ ይዘው ወደ እኛ ሥራ ቦታ መጡ። እኛ ፒያሳ አካባቢ ማስታወቂያ፣ ማህተምና ልዩ ልዩ የዲዛይን ሥራ እንሠራለን። አንድ ትንሽ ስሪዲ ፕሪንተርም፣ ማለት ከኮምፒውተር ፋይል ተነስቶ ዕቃውን ራሱን በፕላስቲክ የሚያትም ማሽን፣ አለን። ጥያቄያቸው አጭር ነበር፦ «አንተ ልጅ፣ ይህን ቅል አባዝተን ለልጆቹ እጅ መስጠት እንችላለን?»

ችለናል። እንዴት እንደቻልን በዝርዝር የምጽፈው በተለይ «ማሽን የለንም፣ ስለዚህ አይሆንም» ለሚሉ መምህራን ነው። ከዚህ ሥራ በኋላ እኔ በጽኑ የማምነው አንድ ነገር አለ። ትልቁ ሀብት በደንብ የተሠራ ፋይል ነው። ፋይሉ እጅ ላይ ካለ በካርቶንና በከተርም ብዙ መሥራት ይቻላል። ፋይሉ ከሌለ ውድ ማሽን ቢኖርም ሥራ ፈትቶ ይቀመጣል።

ከሁሉ በፊት ፈቃድ

ዋልያ ተራ እንስሳ አይደለም። በዓለም ላይ የሚገኘው በሰሜን ተራሮች አካባቢ ብቻ ነው። የሰሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ የተቋቋመው እ.ኤ.አ. በ1969 ነው፤ በ1978 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ ሆኖ ተመዘገበ። ከ1996 እስከ 2017 ደግሞ አደጋ ላይ ባሉ ቅርሶች መዝገብ ውስጥ ቆይቷል። የዋልያው ቁጥር ማነስ ለዚህ ካበቁት ምክንያቶች አንዱ ነበር። የዱር እንስሳትን የሚጠብቅ ሕግ ስላለም የዱር እንስሳ ውጤት እንደ ማንኛውም ዕቃ አይያዝም፣ አይሸጥም። ስለዚህ ሥራው የተጀመረው ከደብዳቤው ነው። ርዕሰ መምህሩ አይተውት ፈቀዱ። ቅሉ ከትምህርት ቤቱ ግቢ እንዳይወጣ፣ የሚሠራው ፋይልም የትምህርት ቤቱ ንብረት እንዲሆን ተስማማን። የሚጓዘው ካሜራው እንጂ ቅሉ አይሆንም ማለት ነው።

ለዚህ ዓይነት አሠራር አገራችን ጥሩ ምሳሌ አላት። አዲስ አበባ ብሔራዊ ሙዚየም ሄዶ ሉሲን ያየ ሰው ያየው ቅጂዋን ነው፤ ዋናው አጥንት ለጥንቃቄ ለብቻው ይቀመጣል። ሉሲ እ.ኤ.አ. በ2008 አሜሪካ በነበረችበት ጊዜ በቴክሳስ ዩኒቨርሲቲ ኦስቲን በሲቲ ስካን ተነስታለች። ሥራው 10 ቀን ፈጅቷል፤ የተገኘውም 35,000 ገደማ የውስጥ ምስል ነው። በ2016 ደግሞ የትከሻዋና የጉልበቷ አጥንቶች ፋይል በኢትዮጵያ መንግሥት ፈቃድ ለሕዝብ ተለቀቀ። ፕሪንተር ያለው ማንም ሰው አውርዶ ማተም ይችላል። ለመምህሩ ይህን ስነግራቸው ፊታቸው በራ። «እንግዲያው የእኛም ዋልያ ይገባዋል» አሉ።

ፎቶ ማንሳት

ሲቲ ስካን የአጥንቱን ውስጥ ጭምር ያያል። እኛ የተጠቀምነው ፎቶግራሜትሪ ላዩን ብቻ ያያል። አሠራሩ ቀላል ነው። አንድን ዕቃ ከዙሪያው ደጋግመው ፎቶ ያነሱታል። ሶፍትዌሩ አንዱ ነጥብ በተለያዩ ፎቶዎች ላይ የት የት እንደሚታይ ይፈልጋል። ከዚያ ካሜራው ለእያንዳንዱ ፎቶ የት ቆሞ እንደነበርና ነጥቡ በቦታው ላይ የት እንዳለ አስልቶ ያወጣል። ይህ እንዲሳካ አንዱ ፎቶ ካለፈው ጋር ወደ 70 በመቶ መደራረብ አለበት። እያንዳንዱ ቦታም ቢያንስ በሦስት ፎቶ ላይ ቢታይ ጥሩ ነው።

ካሜራችን ስልክ ነበር። ደህና ስልክ ይበቃል። የሚበልጠው ብርሃኑ ነው። ብርቱ ፀሐይ ካለ ጥላ ይፈጠራል፤ ጥላውን ሶፍትዌሩ እንደ ቅርጽ ይቆጥረዋል። ፍላሽ ደግሞ ጥርሶቹን ያንጸባርቃቸዋል። እኛ በክፍሉ ትልቅ መስኮት ላይ ሁለት ነጠላ ደርበን ሰቀልን። ብርሃኑ ለስልሶ ገባ፤ ጥላውም ጠፋ። ቅሉን በርጩማ ላይ አስቀምጠን ከሥሩ ያረጀ ጋዜጣ ዘረጋን። ጋዜጣው ለውበት አልነበረም። ፊደሎቹ ሶፍትዌሩ የሚይዛቸው ብዙ ነጥቦች ይሰጡታል። ነጭ ጨርቅ ላይ ቢቀመጥ ኖሮ የሚይዘው ባጣ ነበር። ቅሉን ማዞር ስላልፈለግን እኛ ዞርነው፦ መጀመሪያ ከዝቅታ፣ ቀጥሎ በዓይን ትክክል፣ ከዚያ ከላይ። ቀጥሎ ቅሉን ገልብጠን ሥሩን አነሳን። በጎኑ የብረት ማስመሪያ ነበር። ፎቶግራሜትሪ ቅርጹን ያወጣል እንጂ መጠኑን ከራሱ አያውቅም፤ ማስመሪያው ከሌለ ዋልያው የዝሆን ወይም የአይጥ ያህል ሊሆን ይችላል።

ከሁሉ የጠቀመን የላላው ሽፋን ነው። የዋልያ ቀንድ እንደ በሬና እንደ ፍየል ቀንድ ሁለት ነገር ነው። ውስጡ ከራስ ቅሉ የወጣ አጥንት ነው። ላዩ ኬራቲን ነው፤ ጥፍራችንም የተሠራው ከዚሁ ነው። የአጋዘን ቀንድ በየዓመቱ ወድቆ ይበቅላል፤ የዋልያ ግን ዕድሜ ልኩን አብሮት ያድጋል። መምህሩ የቀኙን ሽፋን በሁለት እጃቸው ቀስ አድርገው አወጡትና ጠረጴዛ ላይ አኖሩት። ያን ጊዜ ውስጡ ያለው የአጥንት ምሶሶ ታየ። ቀዳዳ ቀዳዳ ያለው፣ ሻካራ፣ ከሽፋኑ በጣም ያጠረ ነው። እሱንም ለብቻው፣ ሽፋኑንም ለብቻው አነሳን።

ሌሊቱን የሠራው የሰርግ ኮምፒውተር

ፎቶዎቹን ወደ ቅርጽ የሚቀይረው ሜሽሩም የሚባል ነጻ ሶፍትዌር ነው። ነጻ ቢሆንም ለዝርዝር ቅርጹ ኤንቪዲያ ግራፊክ ካርድ ይጠይቃል። የእኛ ላፕቶፕ የለውም። ከእኛ ሁለት በር አልፎ ግን የሰርግ ቪዲዮ የሚያቀናብር ልጅ አለ። እንደዚያ ያለ ሥራ የሚሠራ ሰው ጥሩ ኮምፒውተር ይኖረዋል። ማታ ሥራውን ሲጨርስ ኮምፒውተሩን ለቀቀልን፤ ሲነጋ ቅሉ ስክሪኑ ላይ ነበር። በየከተማው እንዲህ ዓይነት ሱቅ አይጠፋም። ኮምፒውተር ለመግዛት ገንዘብ ከማሰባሰብ በፊት ጎረቤትን መጠየቅ ይሻላል።

የወጣው ነገር ሜሽ ይባላል። በሚሊዮን በሚቆጠሩ ትናንሽ ሦስት ማዕዘኖች የተሸፈነ ባዶ ቅርፊት ነው። እንደወጣ አይታተምም። ካሜራው ያላየው ቦታ ሁሉ ክፍት ነው። የዓይን ጉድጓዱ ጥልቀት፣ የአፍንጫው ውስጥ፣ ከቀንዱ ሥር ያለችው ጠባብ ቦታ ክፍት ሆነው ቀሩ። ፕሪንተር ደግሞ ውሃ ቢሞላበት የማያፈስ ዝግ ቅርጽ ይፈልጋል። ሜሽላብ በሚባለው ነጻ ሶፍትዌር ሦስት ማዕዘኖቹን ቀነስን፤ ክፍቶቹን ብሌንደር በሚባል ሌላ ነጻ ሶፍትዌር ዘጋን።

እዚህ ላይ ነው ትልቁ ሥራ ያለው፤ ሥራው ደግሞ ከኮምፒውተር ይልቅ የሕሊና ነው። አንድን ክፍት ቦታ በዘጋን ቁጥር ያላየነውን ነገር እየፈጠርን ነው። ሶፍትዌሩ «ቀዳዳውን ሙላ» ሲባል ለስላሳ አጥንት ያበጅለታል። የሚያይ ሰው ፎቶውን አጠገቡ አድርጎ ልዩነቱን ይለያል። በጣቱ ብቻ የሚያነብ ተማሪ ግን ያቺን ለስላሳ ቦታ እንደ እውነት ይይዛታል። ስለዚህ አንድ ደንብ አወጣን። እኛ የሞላነው ቦታ ሁሉ ፍጹም ጠፍጣፋ ይሁን። በተፈጥሮ አጥንት ላይ እንዲያ ያለ ዝርግ ቦታ አይገኝም። ተማሪዎቹም ጠፍጣፋ ሲያገኙ «እዚህ ካሜራው አላየም» እንዲሉ ተነገራቸው።

ሌላ ፈተናም መጣ። የቀኙ ቀንድ የተሰነጠቀ ነው። የግራውን ገልብጦ በቀኙ ቦታ መተካት በኮምፒውተር የአፍታ ሥራ ነው፤ ሞዴሉም ያምራል። መምህሩ አልፈቀዱም። የአንድ እንስሳ ሁለት ቀንዶች ፍጹም አንድ ዓይነት አይደሉም አሉ። ያ ዋልያ የኖረው በዚያ ቀንድ ነው። ስንጥቁ እንዳለ ቀረ። ያልተነካውን ጥሬ ስካንም ለብቻው አስቀመጥን፤ ማንም ወደፊት ከእኛ የተሻለ ማጽዳት ከቻለ ከዚያ ይጀምር።

አንድ ትንሽ ነገር ልጨምር። ለፕሪንተር ፋይሉ የሚቀመጥበት ኤስቲኤል የሚባለው ዓይነት ከ1980ዎቹ ጀምሮ ያለ ነው፤ ቀለምም መለኪያም አይዝም። ውስጡ 80 የሚል ቁጥር ቢኖር ሚሊ ይሁን ሴንቲ አይናገርም። ስለዚህ የፋይሉ ስም ላይ ራሱ «በሚሊሜትር» ብለን ጻፍን። ነገ ፋይሉን የሚከፍተው ሌላ ሰው ነው።

ስንት ያህል ይሁን?

የግራው ቀንድ በፊት ለፊቱ ጥምዝ ሲለካ 80 ሴንቲ ግድም ነው። የወንድ ዋልያ ቀንድ ከዚህም አልፎ እስከ 110 ሴንቲ ሊደርስ ይችላል። የእኛ ፕሪንተር የሚያትመው በ22 በ22 ሴንቲ ላይ፣ እስከ 25 ሴንቲ ቁመት ነው። በሙሉ መጠኑ ለማተም ብዙ ቦታ ቆራርጦ ማጣበቅ ሊኖርብን ነው። ወደ ሲሦው ካሳነስነው ግን ባንድ ጊዜ ይገባል፤ ፕላስቲኩም በጣም ይቀንሳል። ርዝመቱ፣ ስፋቱና ቁመቱ እያንዳንዳቸው ሲሦ ሲሆኑ ይዘቱ 27 ጊዜ ያንሳል።

እኔ ለሲሦው ቸኮልኩ ብል አላጋንንም፤ ለሥራ ይመቻል። መምህሩ ግን ጥሩ ጥያቄ አነሱ፦ «ትንሽ ዋልያ ከሰጠሃቸው ዋልያ ትንሽ ነው ብለው ይሄዳሉ። ትልቁን ቁራጭ ብቻ ከሰጠሃቸው ደግሞ ሙሉውን አያገኙትም።» ዓይን ያለው ሰው አንድ ፎቶ ሲያይ ሙሉውን ባንዴ ይይዛል፤ መጠኑንም አጠገቡ ባለው ነገር ይገምታል። ጣት የሚያነበው ቁራጭ በቁራጭ ነው። ሙሉው ቅርጽ የሚገጣጠመው ጭንቅላት ውስጥ ነው። ስለዚህ አንድ ሞዴል ሁሉንም እንዲያስተምር መጠበቅ ተውን። ለእያንዳንዱ ጥያቄ አንድ ሞዴል እንዲኖር ወሰንን።

ሙሉው ምን ይመስላል ለሚለው፣ በሁለት እጅ የሚያዝ፣ ወደ ሲሦው የተቀነሰ ቅል ከነቀንዶቹ።

ቀንዱ ሲነካ ምን ይመስላል፣ ውስጡስ ለሚለው፣ ከሥሩ 18 ሴንቲ ያህል በእውነተኛ መጠኑ፤ ሽፋኑ ከአጥንቱ ላይ የሚወጣና የሚገባ።

ምን ያህል ትልቅ ነው ለሚለው፣ የራሱና የቀንዱ የጎን መስመር በሙሉ መጠኑ፣ ከጠፍጣፋ ሰሌዳ ተቆርጦ።

አራተኛው የካርቶኑ ነው። እሱ የመጣው በኋላ ነው፤ ምክንያቱን እነግራችኋለሁ።

የጣት ጉዳይ

ፕሪንተሩ የሚያትመው ፒኤልኤ የሚባል ፕላስቲክ በ200 ዲግሪ ገደማ እያቀለጠ፣ ስስ ንብርብር እየደራረበ ነው። የእያንዳንዱ ንብርብር ውፍረት 0.2 ሚሊ ነበር። ለዓይን ይህ ደቃቅ ነው፤ የሚያይ ደንበኛ «ምን ያምራል» ብሎ ይወስደዋል። የብሬል ነጥብ ከወረቀቱ ላይ የሚነሳው ግን ግማሽ ሚሊ ያህል ብቻ ነው። ብሬል የሚያነብ ጣት የንብርብሩን መስመር ሳይቸገር ያገኘዋል።

የመጀመሪያውን ቁራጭ ቀንዱን አቁመን አተምነው። መምህሩ አንድ ተማሪያቸውን ይዘው መጡና አስዳሰሱት። በአውራ ጣቱ ከታች ወደ ላይ ሄደ። «ቀንዱ ላይ ክር የተጠመጠመበት ይመስላል» አለ። የዋልያ ቀንድ ፊት ለፊቱ ላይ አግድም የተሰለፉ ትልልቅ ጉብታዎች አሉት። የንብርብሩ መስመርም አግድም ነው። ጣቱ የትኛው የእንስሳው፣ የትኛው የማሽኑ እንደሆነ ሊለይ አልቻለም።

መፍትሔው አቀማመጡን መቀየር ነው። ቀንዱን በቁመቱ ለሁለት ከፈልነው። የተከፈለውን ጠፍጣፋ ፊት ወደ ታች አድርገን እያንዳንዱን ግማሽ አስተኝተን አተምን። አሁን መስመሮቹ በቀንዱ ርዝመት ይሄዳሉ፤ ጉብታዎቹን ያቋርጧቸዋል እንጂ አይመስሏቸውም። አስተኝቶ ማተም ድጋፍ የሚሆነውን ትርፍ ፕላስቲክም ያስቀራል። ከዚያ በስሱ ስቱኮ ቀብተን በብርጭቆ ወረቀት አለሰለስነው፤ መጀመሪያ በሻካራው፣ ኋላ ውሃ እያስነኩ በደቃቁ። ጉብታዎቹ ጫፍ ላይ ግን አልጫንም። እነሱ የሚፈለጉት ናቸው።

ሽፋኑና አጥንቱ እንዲገጥሙ በመካከላቸው ግማሽ ሚሊ ክፍተት ተውን። የሽፋኑን ውስጥ ካሜራ አላየውም፤ ስለዚህ የአጥንቱን ቅርጽ በዚያ ግማሽ ሚሊ አስፍተን ከሽፋኑ ላይ ቀነስነው። በእውነተኛው እንስሳ ሽፋኑ አጥንቱ ላይ ተጣብቆ ነው የሚኖረው፤ የሚላቀቀው ከሞተ በኋላ ነው። ይህም ለተማሪዎቹ ተነገራቸው።

መብራትን በተመለከተ የጎንደር ሰው ያውቀዋል። ፕሪንተራችን መብራት ሲመለስ ካቆመበት መቀጠል ይችላል ይባላል። ይቀጥላል። ነገር ግን ያቆመበት ቦታ ላይ ጠባሳ ይቀራል፤ ያችንም ጠባሳ ጣት ያገኛታል። የሚሻለው ሥራውን መቆራረጥ ነው። ሌሊቱን ሙሉ ከሚፈጅ አንድ ትልቅ ሕትመት፣ እያንዳንዳቸው በአራት አምስት ሰዓት የሚያልቁ ቁርጥራጮች ይሻላሉ። መብራት ቢሄድ የሚበላሸው አንዱ ነው። በክረምት ደግሞ ፊላመንቱ፣ ማለት ፕሪንተሩ የሚያቀልጠው የፕላስቲክ ክር፣ እርጥበት ይጠጣል፤ ሲታተም ይንጣጣል፣ ጸጉር ያወጣል። ክዳኑ በሚገጥም ባልዲ ውስጥ፣ ከጫማ ካርቶን የምናገኛቸውን እርጥበት መጣጮች ጨምረን አስቀመጥነው።

እንጨት ቤትና ካርቶን

የጎን መስመሩን የቆረጠልን ሲኤንሲ፣ ማለት በኮምፒውተር የሚታዘዝ መቁረጫ ማሽን፣ ያለው የቤት ዕቃ ሠሪ ነው። አሁን በየከተማው በር ላይ አበባ የሚቀርጹበት ያው ማሽን ነው። ከፋይሉ የቅሉን የጎን ጥላ መስመር አውጥተን በፍላሽ ወሰድንላቸው። ጋሼ መስመሩን አይተው መጀመሪያ የጠየቁት ስለ ጉብታዎቹ ነው። የማሽኑ መቁረጫ 6 ሚሊ ውፍረት ካለው ከዚያ የጠበበ ሸለቆ ውስጥ አይገባም፤ በጉብታዎቹ መካከል ያለው ሁሉ ይደፈናል። «በ3 ሚሊው ልቁረጠው፤ ጊዜ ይወስዳል እንጂ ይገባል» አሉና እንዳሉት አደረጉ። ሰሌዳው ኤምዲኤፍ የሚባለው የተጨመቀ የእንጨት ብናኝ ስለሆነ በቫርኒሽ ተቀባ፤ ያለዚያ እርጥበት ሲነካው ያብጣል። ክፍሉ ግድግዳ ላይ ተማሪ ቆሞ በሚደርስበት ከፍታ ተሰቀለ።

ካርቶኑ የመጣው ሌሎች ትምህርት ቤቶች ሲሰሙ ነው። አንድ የገጠር ትምህርት ቤት መምህር፣ መብራት በወጉ የሌለው ቦታ የሚያስተምር፣ «ለእኔስ?» አለ። ፋይሉ አለ፤ ማሽን የለም። ስለዚህ ቅሉን በኮምፒውተር እንደ ዳቦ ቆራረጥነው። የእያንዳንዱን ቁራጭ መስመር በተራ ወረቀት አትመን ሰጠነው። ወረቀቱን ካርቶን ላይ ለጥፎ በከተር መቁረጥ፣ በኮላ መደራረብ ነው ሥራው። ካርቶኑ ከሱቅ በነጻ ይገኛል።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ ይባል። የካርቶኑን ውፍረት ሳይለኩ አይጀመርም። አንድ ካርቶን 3 ሚሊ ይሆናል፣ ሌላው 4፤ ኮላና ክብደት ሲጨመር ደግሞ ይሟሽሻል። አሥር ቁራጭ ደራርቦ፣ አጣብቆ፣ ሲደርቅ ለክቶ ለአሥር ማካፈል ነው። ያ ቁጥር ነው ኮምፒውተሩ ላይ የሚገባው። በ3 ሚሊና በ3 ሚሊ ተኩል መካከል ያለው ልዩነት ትንሽ ይመስላል፤ በአርባ ንብርብር ላይ ግን 2 ሴንቲ ይሆናል፤ የዋልያው ፊት ያለ ቅጡ ይሰፋል።

በእያንዳንዱ ቁራጭ ላይ ሁለት ቀዳዳ አለ፤ ሁለት የቀርከሃ ስንጥር ይገባባቸዋል። ስለዚህ ቁራጮቹ ሲደረደሩ አይዛነፉም። ቁጥራቸው በብሬል ተጽፎ ስለተለጠፈ ዓይነ ስውራኑ ራሳቸው መገጣጠም ይችላሉ። በእኛው ትምህርት ቤትም ይህን ሞከርነው። የሚያዩት ቆረጡ፣ የማያዩት ደረደሩ። እውነቱን ለመናገር ከአራቱ ሞዴሎች እኔ የምወደው ይህን ነው። መልኩ ሻካራ ነው፤ ጉብታዎቹ በደንብ አይለዩም። የሠራው ልጅ ግን የቅሉን ቅርጽ ንብርብር በንብርብር በእጁ አልፎበታል።

ጀሶም ሞክረናል። የቀንዱ ሥር ግማሾች ጀርባቸው ጠፍጣፋ ስለሆነ ለቅርጽ ማውጫ ይመቻሉ። በሲሊኮን ቅርጽ ወስደን ጀሶ አፈሰስን፤ ለ10 እጅ ጀሶ 7 እጅ ውሃ፣ ጀሶው ቀስ እያለ ውሃው ላይ እየተነሰነሰ። ብዙ ቅጂ በአንድ ቀን ይወጣል። ክብደቱም ከፕላስቲኩ ይልቅ ለእውነተኛው ይቀርባል። ሲወድቅ ይሰበራል፤ ጉዳቱ እሱ ነው።

በክፍል ውስጥ

ሞዴሎቹ በአንድ ጠረጴዛ ላይ ተደርድረው ተማሪዎቹ ተራ በተራ መጡ። አንዲት የ10ኛ ክፍል ተማሪ ትንሹን ቅል ጭኗ ላይ አድርጋ በሁለት እጇ ያዘችው። ከአፍንጫው ጀመረች። ጠፍጣፋዋን ቦታ ስታገኝ «ይሄ ካሜራው ያላየው ነው» ብላ አለፈች። በዓይን ጉድጓዱ ዞረች፣ ቀንዶቹን በሁለት እጇ እኩል ተከትላ ወደ ኋላ ወረደች። ከዚያ የቀኙ እጇ ቆመ። ጥፍሯን ስንጥቁ ውስጥ አስገባች።

«ቲቸር፣ ይሄ የሞዴሉ ስንጥቅ ነው ወይስ የዋልያው?»

«የዋልያው ነው፤ ከእኔ በፊት የነበረ ነው» አሏት።

ሌላው ልጅ ሽፋኑን ከአጥንቱ ላይ እያወጣና እያስገባ ቆየ። «ዋንጫ የሚሠራው ከዚህ ነው እንዴ?» አለ። ዋንጫ ከበሬ ቀንድ እንደሚሠራ፣ ነገሩ ግን ያው እንደሆነ መምህሩ አስረዱት፤ አጥንቱ ወጥቶ ሽፋኑ ብቻ ይቀራል። ልጁ ዋንጫ በእጁ ይዞ ያውቃል። የቀንድን ውስጥ ግን ያገኘው ያን ጊዜ ነው።

ግድግዳው ላይ ካለው ትልቁ መስመር ሥር አንዱ ራሱን ከዋልያው ራስ ጋር አስተካክሎ ቆመ። እጁን በቀንዱ ጥምዝ ላይ ሰደደ፤ ወደ ላይ፣ ከዚያ ወደ ኋላ። ጫፉ ላይ ሲደርስ ሳቀ። «ይሄን ተሸክሞ ነው ገደል ላይ የሚሮጠው?»

ጉብታዎቹን የቆጠረም ነበር። እያንዳንዱ አንድ ዓመት መስሎታል። ብዙ የሚያይ ሰውም እንዲያ ይመስለዋል። ጉብታው ዕድሜ አይቆጥርም። በዚህ ዓይነት የዱር ፍየሎች ዕድሜ የሚገመተው በቀንዱ ጎንና ጀርባ ባሉት ደቃቅ የዕድገት መስመሮች ነው። እነዚያ መስመሮች በእኛ ሞዴሎች ላይ የሉም። ፎቶው ከያዛቸውም ሦስት ማዕዘኖቹ ሲቀነሱ፣ ስቱኮ ሲቀባና በብርጭቆ ወረቀት ሲለሰልስ ጠፍተዋል። መምህሩ ቁም ሳጥኑን ከፍተው ዋናውን ቅል አወጡ። የልጁን አንድ ጣት ይዘው በግራው ቀንድ ጎን ላይ በዝግታ አስኬዱት። በዚያ አንድ መስመር ላይ ሞዴሉ ሊያስተምረው ያልቻለውን ዋናው አስተማረው። ይህን የማነሳው ሞዴል ሲኖር ዋናው ይጣል የሚል ሰው እንዳይኖር ነው። ሞዴሉ የሚጠቅመው ዋናው ለዚህ ዓይነት ጥያቄ እንዲቆይ ስለሚያስችል ጭምር ነው።

አሁን የሞዴሎቹ ሣጥን ባዮሎጂ ክፍሉ ውስጥ ነው። የካርቶኑ ወረቀቶች ለሌሎች ሦስት አራት መምህራን ተሰጥተዋል። የቀረው ሥራ ሴቷ ዋልያ ናት። የሴቷ ቀንድ ከወንዱ አጭርና ቀጭን ነው፤ ልጆቹ እስካሁን የዳሰሱት ወንዱን ብቻ ስለሆነ ዋልያ ሁሉ እንዲያ ያለ ቀንድ ያለው መስሏቸዋል። ትምህርት ቤቱ ደባርቅ ያለ የሴት ዋልያ ቅል እዚያው ባለበት ፎቶ እንድናነሳ ፈቃድ የሚጠይቅ ደብዳቤ ጽፏል። ደብዳቤው መልስ ሲያገኝ ወደ ደባርቅ ለመሄድ ሁለቱ ነጠላና ጋዜጣው ተዘጋጅተዋል።